የቀርከሃ ዘንግ፣ የፈረስ ጭራና የግልገል አባይ ነጭ ዓሣ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 24

ትናንት እንጅባራ ዋልኩ። ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በዓሉን አንዴ ያየ ሰው ሜዳውን አይረሳውም። የእኔ ዓይን ግን ከፈረሰኞቹ ይልቅ የፈረሶቹ ጭራ ላይ ነበር። ሰው መበተን ሲጀምር አንድ አባት ጠጋ ብዬ ጭራ ለመንኳቸው።

«ለመሲንቆ ነው?» አሉኝ።

«አይ አባቴ፣ ለዓሣ ማጥመጃ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ነጩን ውሰድ። የወንዱን ይሁን፤ የባዝራዋን ጭራ ሽንት ይበላዋል» አሉና አንድ ጭብጥ ሙሉ ቆርጠው ሰጡኝ። ገንዘብ አልቀበል አሉ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው። ባሕር ዳር አስጎብኚ ነኝ። እንግዶቼን የምወስደው ወደ ገዳማቱና ወደ ጢስ አባይ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እንግዳ ተጣጣፊ ዘንግ ይዞ መጣና ግልገል አባይ ላይ ግማሽ ቀን ፍላይ ፊሺንግ ሲሠራ አየሁት። ትል የለም፣ እርሳስ የለም። መንጠቆው ላይ ላባና ክር ጠምጥሞ ነፍሳት ያስመስለዋል። ላባዋ ክብደት ስለሌላት ብቻዋን አትወረወርም። የሚወረወረው ክሩ ነው። ክሩ ከበድ ስለሚል እንደ ጅራፍ ይዘረጋና ላባዋን ውሃው ላይ ቀስ አድርጎ ያሳርፋታል። ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲሄድ ትንንሽ መንጠቆዎችና አንድ ጥቅል ቀጭን ናይለን ትቶልኝ ሄደ።

ዘንግና የክር መጠቅለያው እዚህ አይሸጥም። ከውጭ ላስመጣ ብል ዋጋው አይቀመስም። በኋላ ግን ጃፓኖች በተራራ ወንዞቻቸው ላይ ቴንካራ የሚሉት አሠራር እንዳላቸው አነበብኩ። መጠቅለያ የለውም። ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ የታሰረ ክር፣ የክሩ ጫፍ ላይ ላባ፤ በቃ። ድሮ ዘንጉ ቀርከሃ፣ ክሩ የፈረስ ጭራ ነበር። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ቀርከሃና ፈረስ! ሁለቱም እኛው ጋ አሉ።

ጥር 27

ከእንጅባራ አልፎ ካለ የገበሬ ጓሮ ስድስት ቀርከሃ ገዛሁ። ባለቤቱ ራሱ መረጠልኝ። የዘንድሮው ለምለም ነው፣ ይደርቅና ይሸበሸባል። ሦስት ዓመት ያለፈው ቆዳው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፤ በጣት ስትመታው ድምፁ ደረቅ ነው። አራት ሜትር ገደማ አድርጌ ቀጫጭኑን ጫፍ አስቆረጥኩ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ታስሮ ባሕር ዳር ገባ።

የካቲት 9

ሁለቱ ተሰነጠቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ቶሎ ይድረቁልኝ ብዬ ፀሐይ ላይ አቆምኳቸው። ውጭው ቶሎ ሲደርቅ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከዚያ በአንጓው ስር ይፈነዳል። ሌሊት ጠመንጃ የተተኮሰ መስሎኝ ነቃሁ። የቀሩትን አራቱን እናቴ ማድ ቤት ጣሪያው ስር አግድም ሰቀልኳቸው። ጭሱ ቀስ እያለ ያደርቃቸዋል፤ ነቀዝም አይደፍራቸውም። የቤት ማዋቀሪያ እንጨት ድሮም እንዲህ ነው የሚቆየው። ይህን እያወቅኩ ነው ፀሐይ ላይ ያቆምኳቸው።

የካቲት 21

ክሩ። በዚህ ሥራ ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ አዝማሪ ጋ ሄጄ ጭራውን አሳየሁት። የመሲንቆ ጅማትና ደጋን የፈረስ ጭራ ስለሆነ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። አንድ አንዱን በሁለት ጣቱ ከላይ እስከ ታች እያሻሸ ይፈትሻል። የሚሻክረውን ወይም መሐሉ ላይ የሚቀጥነውን ይጥላል። ካመጣሁት ግማሹን ጣለብኝ። የቀረውን በሳሙና አጥቤ አደረቅኩ።

አንድ ነጠላ ጭራ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ የውሃ ፕላስቲክ አንጠለጠልኩበት። ግማሽ ሊትሩን ቻለ። አንድ ሊትር ሲሆን ተበጠሰ። እንግዲህ አራት ሲገመድ ሁለት ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ ለጫፉ ይበቃል።

ክሩ ከዘንጉ በኩል ወፍራም፣ ወደ ላባው እየቀጠነ የሚሄድ መሆን አለበት። አለበለዚያ ጉልበቱ እስከ ጫፍ አይደርስም። 12፣ 10፣ 9፣ 8፣ 6፣ 5፣ 4 ጭራ የተገመደባቸው ሰባት ቁራጮች እንዲሆኑ አሰብኩ። እያንዳንዱ ግማሽ ሜትር ነው። በእጄ ስገምደው ግን አንዱ ጠበቅ፣ ሌላው ላላ ይላል። እናቴ ጥጥ እየፈተለች አጠገቤ ተቀምጣ ስታየኝ ቆየች።

«አምጣው እስቲ» አለችኝ።

ጭራዎቹን ውሃ ውስጥ ነከረቻቸው። «ደረቁን ብትገምደው እንዴት እሺ ይልሃል?» አንዱን ጫፍ እኔ እንድይዝ ሰጠችኝ። ሌላውን እንዝርቷ ላይ አሰረችና ጭኗ ላይ አንዴ አሸት አድርጋ ለቀቀችው። እንዝርቱ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ዞረ። ጭራዎቹ እኩል፣ ቀስ እያሉ ተጠማዘዙ። ጠብታ ውሃ ከመሐላቸው እየወጣ ጣቴ ላይ ይወርዳል። አሥራ ሁለቱ ጭራ አንድ ሆኖ ሲያበራ አየሁት፤ ዶቃ የሚሰካበት የብር ክር ነው የሚመስለው። ሰባቱንም በአንድ ከሰዓት ጨረስን። ቋጠሮውንም እርጥብ እንዳለ ነው ያጠበቅነው።

መጋቢት

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ባሕር ዳር የዓሣ ገበያው የሚደራው በዚህ ሰዓት ነው። በየቀኑ ጀልባ ሲራገፍ ቆሜ አያለሁ፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣ። አንዳንዱ ነጭ ዓሣ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። የሚያሳስበኝን ከታች እጽፈዋለሁ።

ሚያዝያ፣ የፋሲካ ሰሞን

ላባ የሚገኘው ፋሲካ ላይ ነው። በየቤቱ ዶሮ ይታረዳል። የአንገቱን ቆዳ ከነላባው እንዲያስቀሩልኝ ለጎረቤት ሁሉ ነግሬ ነበር። ሰባት አንገት ደረሰኝ። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አንድ ደግሞ ገብስማ። ገብስማው ወርቅ ነው። ነጭና ጥቁሩ እየተፈራረቀ ስለሚሄድ መንጠቆ ላይ ሲጠመጠም የሚንቀሳቀስ እግር ይመስላል። በጨው አሽቼ ካርቶን ላይ ቸክዬ አደረቅኳቸው። የአውራ ዶሮ መሆን አለበት፤ የሴቷ ላባ ውሃ ይጠጣል፣ ይሰምጣል። ለሚሰምጠው ዓይነት ግን የሴቷ ይመረጣል።

የመጀመሪያዋን ፌንጣ መሳይ ላባ እንዲህ ሠራኋት። መንጠቆውን የብረት መቆንጠጫ ላይ አጠበቅኩ። መያዣ እሾሁን አስቀድሜ በፒንሳ ደፈጠጥኩት፤ ዓሣው ሳይቀደድ እንዲለቀቅ ነው። የስፌት ክሩን ጧፍ ላይ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አደረግኩት። ሰሙ ክሩን ያጣብቀዋል፣ አያንሸራትትም። ለሰውነቷ ከአሮጌ ባና የመዘዝኩትን ሱፍ ጠመጠምኩ፤ የደረቀ ሣር ቀለም አለው። ለክንፏ የቆቅ ላባ። አንገቷ ላይ ገብስማውን ሦስት ዙር። ሻይ ብርጭቆ ውሃ ላይ ጣልኳት። ቆመች። ላባዎቹ ጫፍ ጫፋቸውን ብቻ ውሃውን ነክተው ተንሳፈፈች። ሌሊት ሰባት ሰዓት ሆኗል፤ እናቴን ቀስቅሼ አሳየኋት።

ሚያዝያ 28

ዘንጉ አለቀ። ሦስት ሜትር ከስልሳ። ጭሱ ቡናማ አድርጎታል። አንጓዎቹን በብርጭቆ ስባሪ ፋቅኩ። የላይኛው ጫፍ ደርቆ ግትር ስላለ 40 ሳንቲሜትር ቆርጬ ጣልኩት። በምትኩ ከሌላ ቀርከሃ ግድግዳ ላይ ቀጭን ዘንግ ፈልጬ፣ ክብ እስኪሆን ፍቄ ክፍቱ ውስጥ ሰካሁት። በኮላ አጣበቅኩና ላዩን በሰም ክር ጠመጠምኩ። አሁን ጫፉ ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ትንሽ ይከብዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ክንድ ይደክማል።

ግንቦት 6

ወተት አባይ ድልድይ ወርጄ፣ ከድልድዩ በላይ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ሄድኩ። ዝናቡ ገና ስላልጠና ውሃው ጥርት ያለ ነው። ግልገል አባይ ከሰከላ፣ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጣና እስኪገባ የጣና ትልቁ ገባር ነው። ድንጋዩ ብዙ፣ ጥልቁ ብዙ።

መጀመሪያ የሠራሁት ሁሉ ስህተት ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሻለሁ። ፀሐይዋ ከኋላዬ ናት፤ ጥላዬ ከእኔ ቀድሞ ውሃው ላይ ይወድቃል። ዓሣ አፍንጫውን ወደ ላይኛው ውሃ አድርጎ ነው የሚቆመው፤ ምግቡ ከዚያ ነው የሚመጣለት። እኔ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ፊት ለፊቱ እየሄድኩ ነበር። ሁለት ሰዓት ምንም አልነካኝም። ሦስት ጊዜ ላባዋ ከኋላዬ ካለ ቁጥቋጦ ጋር ተያያዘች። አንዷ ተበጥሳ ቀረች።

ከብት የሚጠብቅ ልጅ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፣ ዳር ተቀምጦ ያየኛል። «ጋሼ፣ እዚያ የለም» አለኝ በመጨረሻ። «ከድንጋዩ ኋላ ነው። ውሃው ሲሮጥ ይደክመዋል፣ እዚያ ያርፋል።»

ሙሉውን ትምህርት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረኝ። ፈጣኑ ውሃና ዝግተኛው ውሃ የሚገናኙበት መስመር አለ፤ ላዩ ላይ እንደ ስፌት ይታያል። ዓሣው ዝግተኛው ውስጥ ያርፋል፣ ፈጣኑ ምግብ ያመጣለታል። ሸሚዜን አውልቄ ቡናማ ሹራብ ለበስኩ። ከታች ወደ ላይ ሄድኩ። ተንበረከክሁ። ጥቁሯን፣ የምትሰምጠዋን ላባ ከድንጋዩ አጠገብ ጣልኳት። ነጩ ጭራ ከውሃው ጋር ሲሄድ ይታየኛል። ሲሄድ፣ ሲሄድ፣ ቀጥ አለ። ዘንጉን ብድግ ሳደርግ ቀርከሃው እስከ መሐሉ ጎበጠ፤ እጄ ውስጥ ተርገፈገፈ። መጠቅለያ ስለሌለ ክር አትለቅለትም። አብረኸው ትሄዳለህ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ደረሰ። ልጁ ከዳር «ያዘው! ያዘው!» ይላል።

ነጭ ዓሣ ነበር። 34 ሳንቲሜትር። ቅርፊቱ ትልልቅ፣ ሆዱ ወደ ወርቅ የሚያደላ፣ አፉ ዳር ሁለት ሁለት አጭር ጢም። አፉ ውስጥ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው ያለው። እጄን ውሃ ነክሬ ያዝኩት፤ ደረቅ እጅ ላዩን ይገሽልጠዋል። አፉን ወደ ወራጁ አድርጌ ቆየሁ። አንዴ ጭራውን መታ አድርጎ ሄደ።

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «ለምን ለቀቅኸው?» አለኝ። ያኔ ጥሩ መልስ አልሰጠሁትም።

ግንቦት 20

አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አሥራ አንድ ዓሣ። ልጁ አሁን ዘንግ ይይዛል። እሱን ለማስተማር ብዙ አልደከምኩም፤ ጅራፍ ያውቃል። የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንደ ጅራፍ ወርውር፣ ግን አይጩኽ። ከጮኸ ላባዋ ትበጠሳለች። ወደ ኋላ ስትመልሰው ክሩ እስኪዘረጋ ጠብቀው።» በሦስተኛው ውርወራ ከእኔ የተሻለ አሳረፋት። ከዚህ በኋላ እንግዳ ሳመጣ የቀን አበል እየተከፈለው ይመራልኛል፤ ከአባቱ ጋር ተነጋግረናል። ትምህርት ቤት የሚሄድበት ቀን ግን አይሆንም።

ሰኔ 22

ወንዙ ደፈረሰ። ዘንጉን ጠቅልዬ ሰቀልኩ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ አላወርደውም።

ሁለት ሰዎች ሐምሌ ላይ ውሰደን ብለው ነበር። አይሆንም አልኳቸው። ቅር አላቸው። ስለዚህ ለምን እንደሆነ እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ አስጎብኚም ያንብበው።

ጣናና ገባሮቹ ከታችኛው አባይ በጢስ አባይ ተቆርጠዋል። ወደ 40 ሜትር የሚጠጋ ፏፏቴ ዓሣ ሊወጣው አይችልም። ከላይ የቀረው ነጭ ዓሣ ለብቻው ተራብቶ፣ 15 ገደማ የተለያየ ዝርያ ሆኗል። አንዱ ወፍራም ከንፈር ያለው፣ አንዱ ዓሣ የሚበላ፣ አንዱ ጭቃ የሚያበጥር። ስምንቱ ሌላ ዓሣ ይበላሉ፤ ጥርስ በሌለው አፍ። ከካርፕ ወገን የሆኑ እንዲህ ያሉ የትልልቅ ዓሦች ቤተሰብ ሳይጠፋ የቀረበት የሚታወቅ ሐይቅ በዓለም ላይ ጣና ብቻ ነው። ከእነዚህ ቢያንስ ሰባቱ ለመራባት ከሐይቁ ወደ ወንዝ ይወጣሉ። የሚወጡት ደግሞ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ይጠብቃሉ፤ መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ተመራማሪዎች በአሥር ዓመት ገደማ ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲለኩ የነጩ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ ነበር ያገኙት።

እንግዲህ እኔ በዚህ ወቅት መንጠቆ ይዤ ብሄድ፣ ብለቃትም እንኳ፣ እንቁላል የተሸከመችን እናት ነው የማደክማት። ለቅቄያታለሁ ብዬ ራሴን ላታልል አልፈልግም።

መስከረም 20

ያለ ዘንግ ሄድኩ። ልጁ ከትልቁ ወንዝ ወደሚገባ አንድ ትንሽ ጅረት ወሰደኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ስሩ ጠጠር ነው። ሣሩ ውስጥ በሆዳችን ተኛን። ወደ አመሻሹ ላይ ውሃው መንቦጫረቅ ጀመረ። ጀርባቸው ከውሃ በላይ እየወጣ፣ አንዷ ሴት ሁለት ሦስት ወንድ እያስከተለች ጠጠሩን ትገለብጣለች። ጠጠሩ ሲንኳኳ ይሰማል። ልጁ ክንዴን ይዞ አልለቀቀኝም።

ሲመሽ ማሳቸውን ሲጠብቁ የዋሉ አንድ አባት አገኘን። ስለ ዓሣው ስንነግራቸው «በእኛ ጊዜ በእግር ትረግጠው ነበር» አሉ።

«ምን አጠፋው ይመስልዎታል?»

«ብርብራ ነዋ። ፍሬውን ወቅጠህ ስትበትነው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ትልቁን ታነሣለህ። ትንሹን ማን ያነሣዋል? ውሃው ይወስደዋል።»

የብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ዓሣው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። ትልቅ ትንሽ አይልም። አንድ ሰው አንድ ከሰዓት የሚበትነው የሚጨርሰው የጅረቱን ዓሣ ከነጫጩቱ ነው። ልጁ ወደ ቤት ስንመለስ «ለምን እንደምትለቀው አሁን ገባኝ» አለኝ። ግንቦት ላይ ያልመለስኩለትን ጅረቱ መለሰለት።

ኅዳር 18

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች። ከአዲስ አበባ የመጡ አባትና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጃቸው። ንጋት ላይ ውሃው ኩል መስሎ ነበር።

አባትየው ባሌ ትራውት አጥምደው ያውቃሉ። «እዚህስ ለምን አያመጡትም?» አሉኝ። ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል። ትራውት ባሌ ተራራ ወንዞች የገባው ከኬንያ ተጭኖ መጥቶ ነው፤ ዌብ ላይ ተመችቶታል። ግን አዳኝ ዓሣ ነው። ከሰከላ በሚወርደው ውሃ ላይ ቢለቀቅ መጀመሪያ የሚበላው የነጩን ዓሣ ጫጩት ነው። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ውሃውን አዩ። «ልክ ነህ» አሉ።

ጠዋቱን ምንም አልያዝንም። ልጅቷ ክንዷ ደክሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እረኛው ልጅ ጠጋ አለና ዘንጉን አብሯት ያዘ። «ከድንጋዩ ኋላ» አላት። «አይጩኽ። ጠብቂው።» ፌንጣዋ ከዳሩ ሣር ሥር አረፈች። ከጥልቁ አንድ ጥላ ተነሣ። አፉን ከፈተ፣ ውሃው ላይ ትንሽ ክብ ቀረ። ልጅቷ ጮኸች። ዓሣው የሁለት ጣት ስፋት ነበር፤ ትንሽዬ። እጇን ውሃ ነክራ ያዘችው። «ልቡ ይመታል» አለች። ከዚያ ለቀቀችው።

ኅዳር 19

ለሚቀጥለው የሚስተካከል፦ ለእንግዳ ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፤ ዝግ ያለው ዳር ላይ ቀንድ አውጣ አይቻለሁ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ከባሕር ዳር በታች፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ስላለ ማንንም ውሃ ውስጥ አላስገባም። ዘንጉ ለልጆች ስለሚከብድ ሦስት ሜትር የሆነ አንድ ሁለተኛ እሠራለሁ። ማድ ቤት የተሰቀለ ሁለት ቀርከሃ አለኝ። የጭራ ክሩ ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ላልቷል፤ እናቴ ዛሬ ማታ ትገምደዋለች።